ከፋኖስ እስከ ብሔራዊ መረብ፤ ኤሌክትሪክ የባይሽን ቤት እንዴት ለወጠው?

በሐምሌ ቀትር በባይሽ ጎዳና ላይ የሚታየው ሰው ጥቂት ነው። የቀይ ባሕር ወበቅ ከተማዪቱን ሲያፍናት ነዋሪው በሩን ዘግቶ የአየር ማቀዝቀዣውን ተጠግቶ ይውላል። በየግድግዳው የሚሰማው ድምፅ በድንገት ጸጥ ሲል የቤቱ ሰው ሁሉ ቀና ይላል። አንዱ ወደ ቆጣሪው ሳጥን ይሄዳል፤ ሌላው በመስኮት አሻግሮ ይመለከታል። «የጎረቤትስ አለ?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይቀድማል።

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም የአንድ ዘመን ለውጥ በውስጡ ይዟል። በፋኖስ ዘመን የነበረ የባይሽ ሰው ስለ ጎረቤቱ መብራት የሚጠይቅበት ምክንያት አልነበረውም፤ የእያንዳንዱ ቤት ብርሃን የዚያው ቤት ብቻ ነበርና። ዛሬ ግን የባይሽ፣ የሰብያ፣ የጂዛንና የሌሎቹም ከተሞች ቤቶች በአንድ የኤሌክትሪክ መረብ ተሳስረዋል። ይህ ትስስር እንዴት እንደተፈጠረ፣ በቤት ውስጥ ኑሮ ላይ ምን ለውጥ እንዳመጣና በአካባቢው የሚኖር ሠራተኛ ስለ እርሱ ምን ማወቅ እንደሚገባው ከዚህ በታች ቀርቧል።

ነፋስን ተከትሎ የተሠራ ቤት

ባይሽ ከጂዛን ከተማ በስተሰሜን በቲሃማ ሜዳ ላይ፣ በስሟ በሚጠራው ሸለቆ አጠገብ የምትገኝ ከተማ ናት። ምሥራቋ ተራራ፣ ምዕራቧ ባሕር ነው። ሙቀቱ ከእርጥበት ጋር ስለሚመጣ ጥላ ብቻውን አያሳርፍም፤ ላብን የሚያደርቅ ነፋስ ያስፈልጋል። በበጋም አቧራ ያዘለው፣ የአገሬው ሰው «ጉብራ» የሚለው ነፋስ ይነሣል።

የቀድሞው ቤት ለዚህ አየር የተሰጠ መልስ ነበር። «ዑሻ» የሚባለው የቲሃማ ጎጆ ከእንጨት፣ ከሣርና ከገመድ ይሠራል፤ አናቱ ሾጣጣ ነው፤ ውስጡ በጭቃ ይለሰናል። ከኢትዮጵያ ገጠር የመጣ ሰው ሲያየው ከአገሩ ጎጆ ጋር የሚዛመድ ይመስለዋል። አልጋው በገመድ የተጠለፈና ከመሬት ከፍ ያለ ነው፤ ከሥሩም ነፋስ ያልፋል። በሞቃት ሌሊት አልጋው ወደ ግቢ ይወጣና ቤተሰቡ ከሰማይ በታች ያድራል። የመጠጥ ውኃ በሸክላ ጋን ይቀመጥና ከጋኑ ገላ ላይ በሚተነው እርጥበት ይቀዘቅዛል። የሚበላው ለዕለቱ የሚበቃ ብቻ ነው፤ ዓሣ በጨውና በፀሐይ ይደርቃል፤ ወተትም ካልተጠጣ ይረጋል። ጀንበር ስትጠልቅ የላምባ ፋኖስ ይበራል፤ ማሾ ያለው ቤት ደግሞ እንግዳ ሲመጣ ወይም ሠርግ ሲደገስ ያወጣዋል።

የሥራው ሰዓትም በአየሩ ይወሰን ነበር። ውኃ መቅዳት፣ እህል መፍጨት፣ እንጨት መልቀም በማለዳ ወይም በማታ ይከናወናል። ከዚህ ሸክም የሚበዛው በሴቶች ትከሻ ላይ የወደቀ ነበር።

ከየብቻ ጄኔሬተር ወደ አንድ ኩባንያ

በሳዑዲ ዓረቢያ ኤሌክትሪክ በአንድ ቀን በሁሉም ቦታ አልበራም። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በመዲና የነቢዩ መስጊድ በኤሌክትሪክ መብራት ተጠቃሚ ሆኗል። ነዳጅ ከተገኘበት ከ1938 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ደግሞ በምሥራቁ ክፍል የነዳጅ ሠራተኞች መኖሪያዎች የራሳቸው ማመንጫ ነበራቸው። በሌሎች ከተሞች ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተው ጄኔሬተር እየገዙ ለሰፈራቸው መብራት መሸጥ ጀመሩ። በዚህ መንገድ ብዙ ትናንሽ ኩባንያዎች ተቋቋሙ፤ ዋጋቸው የተለያየ፣ የኃይል መጠናቸውም እኩል ያልሆነ ነበር። አንዱ ሞተር ሲበላሽ ከሌላው ከተማ የሚመጣ እርዳታ አልነበረም፤ የሚያገናኝ ሽቦ የለምና።

የመንግሥት እጅ የበረታው የነዳጅ ገቢ ካደገበት ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የኢንዱስትሪና የኤሌክትሪክ ሚኒስቴር ተቋቋመ። ከዚያም ትናንሾቹ ኩባንያዎች በየክልሉ እየተዋሐዱ በምሥራቅ፣ በመካከለኛው ክፍል፣ በምዕራብና በደቡብ ትልልቅ የተዋሐዱ ኩባንያዎች ሆኑ። የደቡቡ ኩባንያ አሲርን፣ ጂዛንንና ናጅራንን የመሳሰሉትን አካባቢዎች ያካተተ ነበር። ሥራውም ቀላል አልነበረም፤ በአንድ በኩል ከፍ ያለ ተራራ፣ በሌላ በኩል ጨው የሚተፋ ባሕር፣ በመካከሉም በየሸለቆው የተበታተኑ መንደሮች ነበሩ።

በመጨረሻ የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት የየክልሉ ኩባንያዎች ሁሉ ተጠቃለው፣ በሚያዝያ 2000 የሳዑዲ ኤሌክትሪክ ኩባንያ ሥራውን ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ የከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ መስመሮችን የሚያስተዳድር ብሔራዊ የመረብ ኩባንያ በሥሩ ተቋቋመ። በሦስት አሥርት ዓመታት ውስጥ የሰፈር ሞተር የነበረው ነገር የአገር መረብ ሆነ።

መረቡ እንዴት ይሠራል?

ኤሌክትሪክ እንደ እህል በጎተራ የሚከማች ነገር አይደለም። ባትሪዎች ከሚይዙት በቀር የሚመነጨውና የሚበላው በዚያው ቅጽበት እኩል መሆን አለባቸው። በባይሽ አንድ ሰው የአየር ማቀዝቀዣውን ሲያበራ በሆነ ቦታ ያለ ማመንጫ በዚያው ልክ ትንሽ ጠንከር ብሎ መሥራት ይገባዋል።

ኃይሉ ረጅም መንገድ ሲጓዝ ሽቦው ይሞቃል፤ ሙቀቱም ብክነት ነው። ብክነቱን ለመቀነስ ቮልቴጁ እጅግ ከፍ ይደረጋል። ቮልቴጁ 10 እጥፍ ሲጨምር ያንኑ ኃይል የሚሸከመው የኤሌክትሪክ ጅረት 10 እጥፍ ያንሳል፤ በሽቦው ላይ የሚባክነው ግን 100 እጥፍ ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት በሳዑዲ በረሃ የሚታዩት ታላላቅ የብረት ምሰሶዎች እስከ 380 ሺህ ቮልት የሚደርስ ኃይል ይሸከማሉ። ከተማ ሲደርስ ማከፋፈያ ጣቢያዎች ደረጃ በደረጃ ዝቅ ያደርጉታል፤ በመጨረሻም በሰፈሩ ያለው ትራንስፎርመር ለቤት በሚስማማ መጠን ያስገባዋል።

የመረብ ጥቅሙ የሚታየው በችግር ቀን ነው። አንድ ማመንጫ ለጥገና ሲቆም ሌላው ይሸፍናል። ይሁን እንጂ የባሕር ዳርቻው የራሱ ፈተና አለው። ጨውና አቧራ በመስመሩ ላይ ባሉት የሸክላና የመስታወት መለያዎች ላይ ይጋገራሉ፤ በሌሊቱ እርጥበት ሲርሱ ኃይሉ በላያቸው ሾልኮ ያመልጣል። ስለዚህ የቲሃማ መስመሮች በየጊዜው መታጠብ ይፈልጋሉ።

ኃይሉ ከየት ይመጣል?

በባይሽ ሸለቆ ላይ የተሠራውን ግድብ የሚያይ ኢትዮጵያዊ መብራቱ ከዚያ የሚመጣ ሊመስለው ይችላል። በኢትዮጵያ ግድብና መብራት በአንድ ቃል ሲጠሩ ኖረዋልና፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ከጀመረው ከቆቃ አንሥቶ በመስከረም 2025 እስከተመረቀው 5,150 ሜጋዋት እስከሚያመነጨው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ድረስ። የባይሽ ግድብ ግን 106 ሜትር ያህል ቁመትና ወደ 194 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የመያዝ አቅም ቢኖረውም የተሠራው ጎርፍን ለመግታት፣ ለእርሻና የከርሰ ምድር ውኃን ለማበልጸግ ነው።

የአካባቢው ኃይል የሚመነጨው ከነዳጅ ነው። ከባይሽ በስተሰሜን በባሕሩ ዳርቻ በምትገኘው ሹቀይቅ ኃይልና ጣፋጭ ውኃ በአንድነት የሚያመርት፣ 850 ሜጋዋት አቅም ያለውና በቀን 212 ሺህ ሜትር ኩብ የባሕር ውኃ የሚያጣራ ጣቢያ አለ። በባይሽ አካባቢ ባለው የጂዛን የኢንዱስትሪ ከተማ ደግሞ በቀን 400 ሺህ በርሜል የማጣራት አቅም ካለው የነዳጅ ማጣሪያ ጎን 3,800 ሜጋዋት ገደማ የሚያመነጭ ታላቅ ጣቢያ ቆሟል። ጣቢያው ከማጣሪያው የሚተርፈውን ወፍራም አተላ በኦክስጅን ወደ ጋዝነት ይለውጣል፤ ጋዙን ከድኝ ካጸዳ በኋላ ያነደዋል፤ ከዚያ የሚገኘውንም ሙቀት መልሶ እንፋሎት ያፈላበታል። በዚህ ስልት ከተሠሩት የዓለም ጣቢያዎች በትልቅነቱ ቀዳሚ እንደሆነ ይነገርለታል።

መጪው ጊዜ ከነዳጅ ብቻ እንዳይሆን ታስቧል። መንግሥት በ2030 የአገሪቱን ኤሌክትሪክ ግማሽ ያህል ከፀሐይና ከነፋስ ለማግኘት አቅዷል፤ በሰሜን በሰካካ የተተከለው 300 ሜጋዋት የፀሐይ ኃይል ጣቢያ የዚህ ጉዞ መጀመሪያ ነው።

ቤት ውስጥ ምን ተለወጠ?

መጀመሪያ የተለወጠው ሌሊቱ ነው። አምፖል ሲገባ ተማሪ ከመግሪብ በኋላ ማጥናት ቻለ፤ ሱቅም እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት ሆነ። ነገር ግን ለባይሽ ሰው ትልቁ ለውጥ የመጣው ከአምፖሉ ሳይሆን ከአየር ማቀዝቀዣው ነው። በሳዑዲ ሕንፃዎች ከሚበላው ኤሌክትሪክ 70 በመቶ ያህሉን የሚወስደው ይኸው «ሙከይፍ» ነው። በርና መስኮቱን ለነፋስ ይከፍት የነበረው ቤት ነፋስ እንዳይገባ የሚዘጋ ቤት ሆነ። የሣር ጎጆው በሲሚንቶ ብሎኬት ተተካ፤ አልጋው ከግቢ ወደ ክፍል ገባ፤ ማታ በደጅ ተሰብስቦ ይጫወት የነበረው ጎረቤትም እያንዳንዱ በየክፍሉ ሆነ።

በዚህ ለውጥ የተገኘ አለ፤ የቀረም አለ። ሕፃንና አዛውንት ከወበቅ ድነዋል፤ የታመመ ሰው በዕረፍት ይተኛል። በአንጻሩ የብሎኬት ቤት ያለ ኤሌክትሪክ እንደ ጎጆው አይተነፍስም። ኃይል ሲቋረጥ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ምድጃ ይሆናል። የቀድሞው ቤት ከሙቀት ጋር መኖርን ያውቅ ነበር፤ የዛሬው ቤት ዕውቀቱን ለሽቦው አስረክቧል።

ሁለተኛው ለውጥ የውኃ ነው። የባሕርን ውኃ በማጣሪያ ስስ ጨርቅ ውስጥ በግፊት አሳልፎ ጣፋጭ ለማድረግ ለአንድ ሜትር ኩብ በግምት ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። አንድ ሺህ ሊትር የሚይዘው የጣራ ላይ በርሜል ሲሞላ ያን ያህል ኃይል አብሮ ተቀድቷል ማለት ነው። በቧንቧ የሚወርደው ውኃ መልኩን የለወጠ ኤሌክትሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሦስተኛው የወጥ ቤቱ ነው። ማቀዝቀዣው የዕለት ገበያን ወደ ሳምንት ገበያ ለወጠው። መፍጫውና የልብስ ማጠቢያው ከሴቶች ትከሻ ብዙ ሸክም አነሡ። በቤት ውስጥ ሥራ የተሰማራች ሠራተኛም የሥራዋ ዕቃ ከመጥረጊያና ከባልዲ ይልቅ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሆኗል። ስለዚህ መሣሪያውን ማወቅ የሙያው አንድ ክፍል ነው።

ሁለት ቮልቴጅ በአንድ ግድግዳ

የመረቡ ታሪክ እስከ ሶኬቱ ድረስ ይታያል። በሳዑዲ ቤቶች ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረው 127 እና 220 ቮልት ነው፤ ሰው በልማድ የመጀመሪያውን «መቶ አሥር» ይለዋል። ትንንሽ ዕቃዎች በ127፣ የአየር ማቀዝቀዣና ከባድ ዕቃዎች በ220 ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የሚኒስትሮች ምክር ቤት አገሪቱ ደረጃ በደረጃ ወደ 230 እና 400 ቮልት እንድትሸጋገር ወስኗል። በመሆኑም አዳዲስ ቤቶች በ230 ብቻ ሲሠሩ፣ በአሮጌ ቤቶች ግን ሁለቱም ቮልቴጆች በአንድ ግድግዳ ላይ ሊገኙ ይችላሉ።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የሚያሞቅ ዕቃ የሚሰጠው ሙቀት በቮልቴጁ ልክ ብቻ አይለወጥም፤ በቮልቴጁ ስኩዌር ነው። ለ220 ቮልት የተሠራ 3,500 ዋት የእንጀራ ምጣድ በ127 ቮልት ሶኬት ላይ ቢሰካ የሚሰጠው ሙቀት የሲሶውን ያህል፣ ማለትም 1,170 ዋት ገደማ ብቻ ነው። ሊጡ ይረጋል እንጂ ዓይን አያወጣም፤ ጥፋቱም የጤፉ ወይም የእርሾው ይመስላል። በተቃራኒው ለ127 ቮልት የተሠራ ዕቃ በ230 ላይ ቢሰካ ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሚሞቅ ይቃጠላል፤ ቤትም ሊያቃጥል ይችላል።

ምጣዱ በትክክለኛው ቮልቴጅ ላይ ቢሰካም ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። 3,500 ዋት በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። በሳዑዲ ቤቶች የተለመደው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር መሰኪያ ግን የተሠራው ለ13 አምፔር ነው። ምጣድን በዚህ ሶኬት ላይ፣ ይልቁንም ሌሎች ዕቃዎች በተደረደሩበት ኤክስቴንሽን ላይ መሰካት ሽቦውን ያቀልጠዋል። ለምጣድ ራሱን የቻለ መስመርና ብሬከር በባለሙያ ማስዘርጋት ይገባል።

ዕቃ ወደ አገር ሲላክ

ይህ ጉዳይ በቤቱ ግድግዳ ላይ አያበቃም። የሳዑዲ መረብ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚመላለስ ጅረት ሲጠቀም የኢትዮጵያው 50 ነው። የባሕረ ሰላጤው አገሮች መረቦቻቸውን እ.ኤ.አ. በ2009 ሲያገናኙ የገጠማቸው ችግር ይኸው ነበር፤ ሳዑዲ በ60፣ ጎረቤቶቿ በ50 ይሠሩ ነበርና። መፍትሔውም በአል ፋዲሊ አንዱን ወደ ሌላው የሚለውጥ ልዩ ጣቢያ መሥራት ሆነ።

አንድ ቤተሰብ ግን እንዲህ ያለ ጣቢያ የለውም። ሠራተኛው ለዓመታት ካጠራቀመው ገንዘብ ማቀዝቀዣ ወይም የልብስ ማጠቢያ ገዝቶ ወደ አገሩ ሲልክ፣ ዕቃው ለ60 ብቻ የተሠራ ከሆነ ሞተሩ በአገር ቤት በስድስተኛ እጅ ቀርፎ ይዞራል፤ ከመጠን በላይ ይሞቃል፤ ዕድሜውም ያጥራል። ለ127 ቮልት ብቻ የተሠራ ከሆነ ደግሞ በተሰካበት ቅጽበት ይቃጠላል። ቮልቴጁን ብቻ የሚለውጥ ትራንስፎርመር 60ውን ወደ 50 አይመልሰውም። ስለዚህ ከመግዛት በፊት በዕቃው ጀርባ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ተገቢ ነው፤ «220-240 ቮልት» እና «50/60 ኸርዝ» የሚል ከሆነ በሁለቱም አገር ይሠራል።

ሂሳቡ እንዴት ይሰላል?

ከ2018 መጀመሪያ ጀምሮ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በወር እስከ 6,000 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ ለእያንዳንዱ 18 ሃላላ፣ ከዚያ በላይ ላለው 30 ሃላላ ነው። በዚህ ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል። 1,500 ዋት የሚስብ አንድ የአየር ማቀዝቀዣ በቀን የ10 ሰዓት ያህል ሙሉ ሥራ ቢሠራ 15 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም 2 ሪያል ከ70 ሃላላ ይበላል። በ30 ቀን 81 ሪያል፣ ከታክሱ ጋር 93 ሪያል ገደማ ይሆናል። በአንድ ቤት በጋራ የሚኖሩ ሠራተኞች «ፋቱራው» በመጣ ቁጥር ከሚጨቃጨቁ ይህን ስሌት ቢያውቁ ለሁሉም የሚበጅ ነው። የማቀዝቀዣውን ወንፊት ከጉብራው አቧራ በየሁለት ሳምንቱ ማጠብና በበር ሥር ያለውን ክፍተት መድፈን ሂሳቡን ያቀላል።

ኃይል ሲቋረጥ

መብራት ሲጠፋ የአየር ማቀዝቀዣውን ማጥፊያ መዝጋትና ኃይሉ ሲመለስ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ማብራት ሞተሩን ያድነዋል። የማቀዝቀዣን በር ደጋግሞ አለመክፈት ምግቡን ለሰዓታት ያቆየዋል። ጄኔሬተር በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይነሣም፤ በጭሱ ውስጥ ያለው ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ሰው ተኝቶ ሳለ ይገድላል። የጎረቤት መብራት ካለ ችግሩ የራስ ብሬከር ሊሆን ይችላል፤ ሰፈሩ ሁሉ ከጠፋ ግን በ933 ለኤሌክትሪክ ኩባንያው ማሳወቅ ይቻላል። እሳት ከተነሣ የሲቪል መከላከያ ቁጥር 998 ነው።

ከሁሉ በላይ የሙቀቱ ኃይል መዘንጋት የለበትም። በሳዑዲ ሕግ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 (እ.ኤ.አ.) ከቀትር እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፀሐይ ሥር መሥራት የተከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም። በእንዲህ ያለ ቀን ኃይል ሲቋረጥ ብቻውን የሚኖር አዛውንት፣ የታመመ ወይም ከሥራ ደክሞ የተኛ ሰው በዘጋው ክፍል ውስጥ አደጋ ላይ ነው። «የጎረቤትስ አለ?» የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ ስለ መብራቱ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ስለ ሰውየውም ይሁን፤ በሩን አንኳኩቶ ውኃ ማቀበልና ነፋስ ወዳለበት ደጅ ማውጣት ሽቦው የማይሠራው የጎረቤት ሥራ ነው።